አዳለጠኝ

ሴራሚኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ነገሩ ልግባ።

የእናቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ለሃያ ዓመት ያህል ሻካራ ሲሚንቶ ነበር። ጠቆር ያለ፣ አንዳንድ ቦታ የተሰነጠቀ፣ ለዓይን የማይስብ ወለል። ለገና ስጦታ ይሁናት ብዬ ነጭ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ሴራሚክ አስነጠፍኩላት። ሻጩ ሻካራ ገጽ ያለውንም አውጥቶ አሳይቶኝ «ለውሃ ቦታ ይኼኛው ይሻላል» ብሎኝ ነበር። ግራጫ ነበር፤ አልወደድኩትም። እናቴ ተነጥፎ ባየችው ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጭና «እዚህ ላይ እንዴት ተደርጎ ይረገጣል?» አለች። ምስጋና መስሎኝ ሳቅኩ።

በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ፣ አብራት የምትኖረው እህቴ «ዱብ» የሚል ድምፅ ሰማች። እናታችን በመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ በጎኗ ወድቃለች። አልጮኸችም። አንድ እግሯ ነጠላ ጫማ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው። እህቴ ልታነሳት ስትሞክር ነው የጮኸችው። «ምን ሆንሽ?» ስትላት መልሷ አንድ ቃል ነበር፤ «አዳለጠኝ።»

ይህን ቃል በሚቀጥሉት ሳምንታት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ለጎረቤት፣ ለወጌሻው፣ ለካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ለተረኛው ሐኪም፣ ሊጠይቃት ለመጣው ሁሉ ደጋግማ አለችው። በሰማሁት ቁጥር ወለሉ ይታየኛል። በአማርኛችን ሰው በራሱ አይንሸራተትም፤ የሆነ ነገር ያዳልጠዋል። አዳለጠኝ፣ አዞረኝ፣ አመመኝ፣ ራበኝ እንላለን። አድራጊው ሌላ ነው፣ እኛ ተቀባዮች ነን። እናቴን ያዳለጣት ደግሞ እኔ የገዛሁት ነገር ነው።

ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ደርሼ ስገባ ጎረቤቶች አልጋ ላይ አውጥተዋት፣ ጸበል ረጭተውላት፣ አንዱ ወጌሻ ሊጠራ ሄዷል። ወጌሻ የሚለውን ቃል ስሰማ ውስጤ ተቆጣ። የተሰበረ ክንዱ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ታስሮ፣ ደም ሳይደርሰው ቀርቶ፣ ጣቶቹ ጠቁረው እጁ የተቆረጠ ልጅ በሰፈራችን አውቃለሁ። በአገራችን ሆስፒታሎች የሚሠሩ የአጥንት ሐኪሞች ይህን ታሪክ ሺህ ጊዜ አይተውታል። በቁጣዬ በሩ ላይ ቆሜ ልመልሰው ተዘጋጅቼ ነበር።

የመጡት ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ ናቸው። እናቴን አልነኳትም። ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጥ አድርገው ከአልጋው ግርጌ ቆመው ተመለከቱ። ከዚያ እኔን ጠርተው «እይ» አሉኝ። የቀኝ እግሯ ከግራው አጥሯል፤ ሁለት ጣት ያህል። የእግሯ ጣቶችም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ውጭ ዞረው ወድቀዋል። «ይህ የዳሌ ነው። የእኔ እጅ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ስትወስዷት ሁለቱን እግር አንድ ላይ እሰሩት፤ ደኅናው ለተሰበረው ምርኩዝ ይሁነው።» ገንዘብ ስንሰጣቸው እንቢ አሉ። በኋላ በድንገተኛ ክፍል የአጥንት ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ያንኑ ነገር አየ። ራጅ ሳይነሳ ለተማሪዎቹ «ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ እግር» ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌው ትዝ አሉኝ፤ በቁጣዬም አፈርኩ።

በነጠላ እግሮቿን አስረን፣ ከነፍራሿ ሚኒባስ ላይ ጫንናት። መንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጉድጓድ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ያን ቀን ዐወቅኩ።

ራጁ ላይ የተሰበረው ቦታ ለእኔ ብጤ ዓይን እምብዛም አይታይም። የጭን አጥንት ከላይ ጫፉ ላይ ሎሚ የመሰለ ክብ ራስ አለው፤ ራሱን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኘው አንገት ይባላል። የእናቴ የተሰበረው አንገቱ ነው። ሐኪሙ በራጁ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እየሣለ አስረዳኝ። ራሱን የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች በአንገቱ ላይ ተጠምጥመው ነው የሚወጡት፤ አንገቱ ተሰብሮ ቦታውን ሲለቅ እነሱም አብረው ይበጠሳሉ። በወጣት ቢሆን በብሎን አሥሮ መሞከር ይቻላል። በ74 ዓመት ሰው ግን ራሱ ሕይወት አይኖረውም፤ ስለዚህ ወጥቶ በብረት ይተካል። «ኦፕራሲዮኑ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ችግሩ እስከዚያ ድረስ ያለው ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንግሊዝ አገር ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ በ36 ሰዓት ውስጥ ኦፕራሲዮን እንዲደረግ ይጠበቃል፤ ሆስፒታሉ ይህን ሲያሟላ የሚያገኘው ክፍያ እንኳ ከፍ ይላል። ይህን ያህል የሚጣደፉት አጥንቱ ስለሚበላሽ አይደለም። የተኛ ሽማግሌ ስለሚበላሽ ነው። ያልተንቀሳቀሰ ሳንባ አክታ ያቁራል፤ ያልተራመደ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ ያልተገለበጠ ቆዳ ይቆስላል፤ ቱቦ የገባበት ሽንት ያመረቅዛል። በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስት አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል፤ ከሦስት አንድ የሚጠጋበትም ቦታ አለ። እናቴ የጠበቀችው 36 ሰዓት አይደለም። ስምንት ቀን ነው።

ስምንቱ ቀን በአንድ ሰው ክፋት የመጣ አልነበረም፤ ለዚህም ነው የምቆጣበት ሰው ያጣሁት። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ጥቂት ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ሰው በመጣ ቁጥር ተራ ይቀድማል፤ መቅደምም አለበት። የልቧ ምርመራ አንድ ቀን ወሰደ። ደም ለመተካት እኔና ባለቤቴ ለገስን። የጤና መድን ካርዷ አልጋውንና ምርመራውን ሸፍኖልን ብረቱን ግን ከውጭ ግዙ ተባልን። ሁለት ጊዜ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትቀምስ» ተብለን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ «ለዛሬ አልደረሰም» ተባልን። እናቴ በሁለተኛው ቀን ነርሷን «እኔ እንደሆነ ጾም ላይ ነኝ፤ አትጨነቂ ልጄ» አለቻት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

በሦስተኛው ሌሊት ግን አልሳቀችም። ጣሪያውን እያየች «የእናቴም እግር እንዲህ ነበር» አለችኝ።

አያቴ የሞተችው እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። በቤታችን ሲነገር የኖረው «ከደረጃ ወድቃ አልተነሳችም፤ በአርባ ቀኗ ዐረፈች፤ ዕድሜዋ ደርሶ ነው» የሚል ነው። እናቴ ያን ሌሊት ነበር የቀረውን የነገረችኝ፤ እግሯ ማጠሩን፣ ወደ ውጭ መዞሩን፣ መጨረሻ አካባቢ ከወገቧ በታች ያለው ቁስል ሽታ በዕጣን እንኳ አልሸፈን ማለቱን። በየቤታችን «ወድቃ አልተነሳችም» የሚባልላት አንዲት አያት አለች። እየገደለ ያለው መውደቁ ሳይሆን ከዚያ ወዲህ የሚመጣው መተኛት እንደሆነ፣ አንድ ብረት ከነበረ የሚተርፉ ሴቶች እንደነበሩ፣ እኔም ያን ሌሊት ነው የተረዳሁት። እናቴ ግን ስምንቱን ቀን ሙሉ ስትቆጥር የነበረችው ወደ አርባ ነው።

እንግዲህ መገልበጥ ጀመርን። ነርሷ ሁለት ትምህርት ሰጠችን። የመጀመሪያው በየሁለት ሰዓቱ ጎን ማስለወጥ ነው፤ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ሥር የታጠፈ ጋቢ ማድረግ፣ ከጀርባዋ ትራስ ሸጉጦ ትንሽ ማዘንበል። ሁለተኛው ጓንት ማስነፋት ነው። የሐኪም ጓንት ሰጥታት «እማማ፣ ይህን በቀን አሥር ጊዜ እስኪወጠር ይንፉ» አለቻት። ሳንባዋ እንዲከፈት ነው። እናቴ መጀመሪያ የሕፃን ጨዋታ መሰላት። በማግሥቱ ከጎኗ የተኛው ወጣት በተነፋው ጓንት ላይ በእስክሪብቶ ዓይንና ጢም ሣለበት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሣልልኝ እያለች በራሷ ፈቃድ ትነፋ ነበር። የአልጋዋ ራስጌ አምስት ጣት ባላቸው ራሶች ተሞላ።

እዚህ አገር ሆስፒታል ከገቡ አስታማሚ ሆነው ነው። ነርሷ ለሃያ ሰው አንድ ናት። ፖፖ የምታቀርበው፣ የምታጥበው፣ ኪኒን ያላለቀ መሆኑን የምታየው፣ ደም ወስደህ ላቦራቶሪ የምታደርሰው፣ ጋሪ የምትገፋው ራስህ ነህ። በዚህ ላይ የሚቀልዱ ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶች አሉኝ። እኔ ግን እህቴ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እናቴን ስታዘነብላት እጇ እንዴት እንደሚገባ አይቻለሁ። ሠልጥና አይደለም፤ በአራተኛው ቀን ግን ከማንኛውም ሰው በተሻለ ዐውቃዋለች። ጥያቄው እህት የሌለው ሰው ነው።

ጓንቱ ላይ የሚሥለው ወጣት እህት የለውም ነበር፤ ቢኖረውም ሩቅ ናት። የቀን ሠራተኛ ነው። ፎቅ እየተሠራ ሦስተኛው ወለል ላይ ሲሚንቶ ሲያቀብል «አጣናው ከዳኝ» አለኝ፤ ሚስማሩ ተነቅሎ። የጭኑ አጥንት መሐሉ ላይ ለሁለት ተሰብሯል። ከጉልበቱ በታች አጥንቱን ወግቶ ያለፈ ሽቦ አለ፤ ከሽቦው ገመድ፣ ከገመዱ በአልጋው ግርጌ በኩል የተንጠለጠሉ ሦስት ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ሃይላንዶች። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ልኩ ስድስት ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልግም። አንድ ቀን የሌላ በሽተኛ ጠያቂ ጠምቶት ከአንደኛው ሊቀዳ ሲል ወጣቱ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እንዲህ ያለ ስብራት ድሮ ሁለት ሦስት ወር ተንጠልጥሎ በመተኛት ነበር የሚታከመው። አጥንቱ ይገጥም ይሆናል፤ አጥሮ ወይም ተጣሞ፣ ጉልበቱም ደርቆ። አሁን በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ረዥም ብረት ይከተትና ከላይና ከታች በብሎን ይቆለፋል። የብሎኑን ቀዳዳ በጭፍን ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሌላው ዓለም ይህን የሚሠራው ኦፕራሲዮኑ ላይ ቀጥታ ራጅ በሚያሳይ ውድ ማሽን ነው። ሉዊስ ዘርክል የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ማሽኑ ለሌለው ሆስፒታል የሚሆን ብረት አዘጋጀ፤ ከውጭ በሚገጠም መለኪያ ክንድ ቀዳዳው ይገኛል። በ1999 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሳይን የተባለ ድርጅት ብረቱን ለድሃ አገር ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል፤ በእኛም አገር ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ወጣቱ ተራ ሲደርሰው በነፃ የተሰጠ ብረት ገባለት፤ በሁለተኛው ቀን በክራንች ቆሞ ሃይላንዶቹን ራሱ ለአስታማሚዎች አከፋፈለ።

የእሱ ሌላው ሕመም በብረት የሚድን አልነበረም። ፎርማኑ በፒክአፕ አምጥቶት፣ ካርድ አውጥቶለት፣ ሁለት ሺህ ብር በእጁ አስጨብጦት ሄዷል። ከዚያ ስልኩ አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ይህን ስነግረው በትሕትና አዳመጠኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ውል የለኝም» አለ። ውል በጽሑፍ ባይሆንም ውል ነው አልኩት። «እሺ» አለኝ፤ እንደማያምነኝ ሰው።

ከእሱ ወዲያ፣ ግድግዳው ሥር፣ የ17 ዓመት ልጅ ተኝቷል። ማር ሊቆርጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የወደቀው። እግሮቹን አያንቀሳቅስም። አባቱ ከገጠር ተከትለውት መጥተው አልጋው ሥር ይተኛሉ። ለእሳቸውም «በየሁለት ሰዓቱ ይገልብጡት» ተብሏል። አባት ሰዓት የላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቤተ ክርስቲያን ደወልና በአዛን እየገመቱ ሲገለብጡት ነበር። አንድ ማታ አጠገቤ መጥተው «ልጄ፣ ይኼ ስልክ ሰዓት ሲሞላ ይጮኻል ይባላል» ብለው ትንሿን ስልካቸውን ሰጡኝ። በየሁለት ሰዓቱ እንድትጮኽ አደረግኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ያለነው አስታማሚዎች ሁሉ በእሳቸው ስልክ ነው የምንነሳው፤ ሌሊት 6 ሰዓት፣ 8 ሰዓት፣ 10 ሰዓት። ስድስት ሰባት ሰው በጨለማ ተነስቶ የየራሱን ይገለብጣል።

በኋላ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሳነብ ከየት እንደመጣ አገኘሁ። የጀርባ አጥንታቸው ተጎድቶ ሰውነታቸው የማይታዘዝ ሰዎች ድሮ አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር፤ የሚገድላቸውም የአልጋ ቁስልና የሽንት ምርቀዛ ነው። ከናዚ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 እ.ኤ.አ. ስቶክ ማንዴቪል በሚባል ሆስፒታል ለእነዚህ ሰዎች ክፍል ሲከፍት ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ በሽተኞቹን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ማስገልበጥ ነበር። ወደዚያው ሆስፒታል ነው መጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከአንገቱ በታች የተጎዳው አበበ ቢቂላ የተላከው። ከዚያ ተነስቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፤ ከአደጋው በኋላም አራት ዓመት ከመንፈቅ ኖሯል። ግድግዳው ሥር ላለው ልጅ ከስቶክ ማንዴቪል የደረሰው ሁለት ሰዓቱ ብቻ ነው፤ እሱም በአባቱ እጅ። እኛ ከመውጣታችን በፊት «ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም» ተብለው ወደ አገራቸው ይዘውት ሄዱ። ሲሄዱ ቆዳው ላይ አንድም ቁስል አልነበረም። ነርሷ ይህን ለተማሪዎቿ ስታሳይ ሰምቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684 ሺህ ሰው በመውደቅ ይሞታል ይላል፤ በድንገተኛ አደጋ ከሚሞተው ሰው ቁጥር ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ከአሥሩ ስምንት የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ናቸው። በሦስት አልጋ ውስጥ ሦስቱንም ዓይነት አየሁ፤ አሮጊት ከመታጠቢያ ቤት፣ ጎልማሳ ከፎቅ፣ ልጅ ከዛፍ። የመኪና አደጋ በየቀኑ በሬዲዮ ይነገራል። ስለ መውደቅ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

በሰባተኛው ቀን የንስሐ አባቷ መጡ። እናቴ እንቁላልና ወተት እንቢ ብላ አጥሚት ብቻ ትጠጣ ነበር፤ ሐኪሙ ደግሞ «ካልበላች ቁስሉ አይድንም» ብሏል። ጎረቤት የሚያመጣውን የቅልጥም መረቅ ሁሉ ወጣቱ ነው የጨረሰው። ቄሱ ገብተው ባረኳትና «ለታመመ ጾም የለም፤ ይህን እኔ ሳልሆን ቤተ ክርስቲያን ነች ያለችው» አሏት። ያን ቀን ሁለት እንቁላል በላች። እያለቀሰች።

በስምንተኛው ቀን ወሰዷት። ከወገቧ በታች ብቻ አደንዝዘዋት ስለነበር መዶሻውን ሰምታለች። ብረቱን የሸጠን ሰው የተለያየ መጠን ያላቸውን በሳጥን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ የትኛው እንደሚሆናት የሚታወቀው የራሷ አጥንት ወጥቶ ሲለካ ነው። ሲያወጧት መጀመሪያ የጠየቀችው «የወጣውን አጥንቴን የት አደረጋችሁት?» ብላ ነው። ወጣቱ ሐኪም ግራ ተጋባ። «በትንሣኤ ስጠራ አንድ አጥንት ጎድሎኝ ልነሳ ነው እንዴ?» አለች። ቀልድ እንዳልሆነ እኔና እህቴ ብቻ ነን ያወቅነው። ሐኪሙ ግን ጥሩ ልጅ ነበር፤ ሆስፒታሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሜዳ ላይ እንደማይጥለው ረጋ ብሎ አስረዳት። አመነችው ወይም አዘነችለት።

በማግሥቱ ጠዋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ዎከር ይዞ መጣ። «ይነሱ እማማ።» «ትናንት የተቆረጠ እግር ዛሬ ይቆማል እንዴ?» «ብረቱ አይደክመውም፤ የሚደክመው ሌላው ነው፤ ይነሱ።» ቆመች። እግሮቿ ተንቀጠቀጡ፣ ከንፈሯ ነጣ፣ ሦስት እርምጃ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «አርባ ሳይሞላኝ» አለች። ወጣቱ ከአልጋው ላይ አጨበጨበ። ባለሙያው ነገሩ ስላልገባው ዎከሩን ሰብስቦ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ስንወጣ በተሰጠን ወረቀት ላይ የተጻፈው የእናቴን ኑሮ የሚከለክል ዝርዝር ነበር። ዝቅ ያለ ቦታ አትቀመጥ። ቁጢጥ አትበል። እግር አታነባብር። ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ከወለል ነገር አታንሳ። ይህን የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ እነዚህን ብታደርግ ብረቱ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን በርጩማ፣ ረከቦት፣ ስግደትና የጓሮ ሽንት ቤት በአንድ ወረቀት ተሰረዙ። ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አወጣነው። እናቴ ቡናውን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየቀዳች «እንደ ባንክ ሠራተኛ» ትላለች። ስግደቱን ቄሱ በመቆም ለወጡላት።

አሁን በዎከር ትሄዳለች፤ ቤት ውስጥ በምርኩዝ ብቻ። ገበያ መሄድ ቀርቷል። በሕክምና መዝገብ ይህ የተሳካ ውጤት ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው የማየው። አጥንቷ መሳሳቱንና ሌላው ዳሌም ሊሰበር እንደሚችል ግን ስንወጣ ማንም አልነገረንም። የነገረን ከወር በኋላ በቀጠሮ ያገኘናት ሌላ ሐኪም ናት።

ያቺው ሐኪም ማንም በቅጡ ያልጠየቀውን ጠየቀች። «እማማ፣ ያን ሌሊት አዞረዎት ወይስ አዳለጠዎት?» እናቴ እንደ ልማዷ «አዳለጠኝ» አለች። ሐኪሟ ግን በዚያ አላቆመችም፤ መድኃኒቶቿን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስዘረገፈቻት። አንደኛው ሽንት የሚያስሸና የደም ግፊት ኪኒን ነው፤ ጠዋት መወሰድ ያለበት። «መቼ ነው የሚወስዱት?» ማታ። ለምን ማታ? በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እህል ስለማትቀምስ ኪኒኑን ወደ ማታ አዛውራዋለች። ማታ የተወሰደው ኪኒን ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳታል፤ ውሃ የጎደለው ሰውነት ከአልጋ ብድግ ሲል ግፊቱ ይወርዳል፤ መንገዱ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኔ ሴራሚክ አለ። ለአንድ ሰው መውደቅ ጾም፣ ኪኒን፣ ጨለማና የልጅ ስጦታ ተሰልፈው ነበር።

ወጣቱ ባለፈው ሰኔ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እማማ እንዴት ናቸው?» ደኅና ናት፣ አንተስ? እግሩ ደኅና ነው፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ይጠዘጥዘዋል። ካሣውስ አልኩት። ሳቀ። ከበስተጀርባው የብረት ድምፅና የነፋስ ሹክሹክታ ይሰማኛል። የት ነህ አልኩት። «አራተኛ ላይ ነኝ» አለኝ፤ «ልወርድ ነው፣ ደርሼ እደውላለሁ።»

ሴራሚኩን ያስነሳሁት በዚያው ሳምንት ነው። ግንበኛው ይህን የመሰለ ዕቃ ሲሰብር ልቡ አልቀበል ብሎት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እናቴ ወንበሯን በሩ አጠገብ አስቀምጣ ስታይ ቆየችና ምርኩዟን ወለሉ ላይ ቆም አድርጋ «አዙሮኝ ነበር እኮ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ያን ሌሊት። አላዳለጠኝም። አዙሮኝ ነው።»

እንግዲያ ለሐኪሞቹ ሁሉ ለምን ሌላ ነገር ስትነግሪ ኖርሽ አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ግንበኛው መዶሻውን አንስቶ እንደ ገና ጀመረ፤ እሷም አቧራው እንዳይነካት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ዓይኖቿ ብቻ ነበር የሚታዩኝ።